የአርባ አንድ ሰው ዘመድ

ሁለት ሺህ አንድ መቶ ብር ነው፣ ኑርሀያቴ። ይሄ ከላያችን የሚጮኸው… ዝናቡን አይደለም የምልሽ፣ ዝናቡማ በነፃ ነው። ዝናቡ የሚያርፍበትን ቆርቆሮ ነው። አሥራ አራት በር፣ በየበሩ መቶ ሃምሳ ብር። እስቲ ቀና ብለሽ እዪው! አንዲት የምታንጠባጥብ ቀዳዳ ካገኘሽ እኔ ዙሌይካ አይደለሁም። ዓምና በነሐሴ ብትመጪ፣ አሁን አንቺ በተቀመጥሽበት ቦታ ሁለት ባልዲና አንድ ብረት ድስት ነበር የሚቀመጠው። እኔ ደግሞ እዚያ ጥግ፣ ጉልበቴን አቅፌ።

ቁጭ በይ፣ አትቸኩዪ። ስምሽን መዝገብ ላይ ለማስፈር እንደመጣሽ አውቃለሁ። ስድስተኛውን በር ገዝተሽ ከገባሽ ዛሬ አምስተኛ ቀንሽ ነው፤ አምስቱንም ቆጥሬያለሁ። የውጫሌ ልጅ ዝናብ አትፈራም ብለሽ እንዳትወጪ፤ የሐይቅ ዝናብ ከላይም ከታችም ነው የሚመጣው። እንኪ ቆሎ ዝገኚ። ድምፄን ከፍ ካደረግሁብሽ አውፍ በይኝ፤ ቆርቆሮ ላይ ሲዘንብ ካልጮሁ አይሰማም። ግድግዳችንም እንደምታዪው ጣሪያ አይደርስም፤ ስንሠራው ጭቃውና ገንዘቡ እኩል አለቁብን። እዚህ ቤት ሲያነጥሱ እዚያ ቤት «ይማርሽ» ይላሉ። ዛሬ ግን ከወዲያ በኩል ማንም ያለ አይመስለኝም። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሽ? ድመት ትሆናለች… ትልቅ ድመት።

ትናንት ቦኖው ጋ «የግቢው ሰው እንዴት ነው?» አልሽኝ አይደል? አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደግ ነው። ከሁሉ የሚበልጡ ግን አንድ ሰው አሉ። ስማቸውን አልጠራም። ስም ጠርቶ ማውራት ሐሜት ነው፣ እኔ ደግሞ ሐሜት አልወድም። ስም ሳይጠሩ ማውራት ግን ምርቃት አይደለም እንዴ? የት እንዳሉም አልነግርሽም። ደሴ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ባቲ ሊሆኑ ይችላሉ። ብቻ አላህ ካሉበት በጎ በጎውን ያሰማቸው።

እኚህ ሰው ምን የመሰሉ ዘመድ ወዳድ መሰሉሽ! ሰው ሁሉ ዘመዱን የሚቆጥረው በሠርግ ነው፣ ሙክት ሲታረድ። እሳቸው ግን በለቅሶ ነው የሚቆጥሩት። የናንተ አገር ቅሬ እንደኛው ከሆነ ታውቂዋለሽ፤ ሰው ሲሞት ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ሴቷ ውሃ ትቀዳለች። እስላም ክርስቲያን የለም፤ እስላሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለእስላሙ ይቆፍራል። የማይቆፍረው ሐዘንተኛው ብቻ ነው። ሐዘንተኛ ምን ጉልበት አለው? ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ጋቢውን ይከናነባል፣ ንፍሮው ሲመጣ መጀመሪያ ለሱ ይቀርብለታል።

ታዲያ እኚህ ሰው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንቴ የቆፈሩ ይመስልሻል? ገምቺ… አንድም ቀን! ሰነፍ ስለሆኑ እንዳይመስልሽ፣ አስተግፊሩላህ! ዕድል ነው። የሞተው ሰው ሁሉ ዘመዳቸው እየሆነ እንዴት ይቆፍሩ? ቄስ ሲሞት በእናታቸው ወገን ነው፣ ሼህ ሲሞት በአባታቸው ወገን ነው። ከሐይቅ እስጢፋኖስ አንድ የቆሎ ተማሪ ታሞ መጥቶ እዚህ ቢሞት፣ ከጎጃም የመጣ፣ አገሩን እንኳ በቅጡ ያልነገረን፣ እኛ ዘመድ ያጣ መስሎን ስናዝን እሳቸው ቀድመው ተቀምጠው አገኘናቸው። ከአርዲቦ ማዶ የመጣ ዶሮ ነጋዴ ገበያ መሐል ወድቆ ቀረ። ጋቢያቸውን ተከናንበው «ወይኔ ወንድሜ!» አሉ። ስሙን ግን እኛው ነገርናቸው።

እንዴት ቆጠርሽው ትይኝ ይሆናል። እኔ ውሃ ቀጂ ነበርኩ። በየለቅሶው አንድ እንስራ። አርባ አንድ ጊዜ እንስራ ከጀርባዬ አውርጄ ቀና ስል አርባ አንዱንም ጊዜ እሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሰው ዘመድ ሲያበዛ እንዴት ደስ ይላል! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይላሉ… አህያዋስ ቢሆን አንድ አመድ ነው ያላት።

ዘራቸውማ አይጠየቅም። ከአብዮቱ በፊት የአምባሰል ገዢዎች፣ የጃንጥራሮች ዘር ነበሩ፤ አያት ቅድመ አያታቸውን ሲቆጥሩ ጀንበር ትጠልቅ ነበር። አብዮቱ ፈንድቶ ሦስት ቀን ሳይሞላው የጭሰኛ ዘር ሆኑ። ሰው በሦስት ቀን አያቱን እንዴት ይለውጣል? እኔና አንቺ አንችልማ። እኛ አንድ አያት ብቻ ነው የተሰጠን… እሱንም ካወቅነው።

እኔን እወቂኝ፣ ዘጠነኛው በር ነኝ። ከአምባሰል ስወርድ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ እናት የለኝ፣ አባት የለኝ። ጨው በስኒ እየሰፈርኩ አደግሁ። ባሌን አብደላን ያገኘሁት በጨው ነው፣ ይችን በር ያገኘሁት በጨው ነው። የቤት ማህበሩን አሥራ አራት ሆነን በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ስናቋቁም በሩ የየግል፣ ጣሪያው የጋራ ተባለ። መጸዳጃውም፣ ቦኖውም፣ የግቢው መዝጊያም የጋራ። ሰው የግሉን በር ቀለም ይቀባል እንጂ የጋራውን ጣሪያ ማን ቀና ብሎ ያየዋል? ቆርቆሮውን የገዛነው ከፈረሰ የእህል መጋዘን ነበር። የድሮው ምስማር የተነቀለበት ቀዳዳ ሁሉ አብሮ መጣልን። ቀዳዳውን እንኳ አላስከፈሉንም፣ ደጎች ናቸው።

አብደላ የዛሬ ሁለት ዓመት ሞተ። መቼም ሰው ፍጹም አይደለም፤ ለእኚያ ደግ ሰው ያመለጠቻቸው ለቅሶ እሷ ብቻ ነች። ሐዘንተኛ ሆነው አልተቀመጡም። አልቆፈሩምም። «ወገቤን» አሉ። አምሳሉ ቆፈረ፣ ክርስቲያኑ አምሳሉ፣ በዚያ ፀሐይ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር እስኪጣበቅ። እሳቸው በበሩ አልፈው ሲሄዱ አንድ ቃል ብቻ ጣል አደረጉ፤ «የሴትዮዋ ዘር እንኳ አይታወቅም።» አልተቆጣሁም። ያወቁትን ነው የተናገሩት፤ የማያውቁትን አልተናገሩም። ሰባተኛው ቀን ሳያልፍ ደግሞ በማህበሩ ስብሰባ ተነሱ። «ዘጠነኛው በር፣ ባል ሞቷል፣ ልጅ የለም፣ ሚስት ወገን የላትም። ነገ ማን ሊወርሰው ነው? ለማህበሩ ይመለስ» አሉ። ምን ዓይነት አሳቢ! እኔ ገና ማቄን ሳላወልቅ የእኔን ሞት ያሰቡልኝ እሳቸው ናቸው። ስብሰባው ግን «አስተዳዳሪ ሲኖረን ይታያል» ብሎ አሳደረው።

አስተዳዳሪው ደግሞ ሳይታሰብ መጣ። ወይም መመሪያው መጣ ልበል። ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ለጣሪያው ያጠራቀምነውን ሁለት ሺህ አንድ መቶ ብር ደሴ ባንክ ልናወጣ ስንል «አይሆንም» አሉን። የጋራ ቤት ያለው ማህበር ገንዘብ የሚያወጣው ፈቃድ ያለው አስተዳዳሪ ሲፈርምለት ብቻ ነው ተባለ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ፈቃድ ያለው ሰው ካላቀረብን ቤቱም ገንዘቡም በቀበሌ እጅ ይሆናል። ቀበሌ ጣሪያውን መቼ ይሠራዋል? እሱን እንኳን እኔ ቀበሌውም አያውቀውም። ክረምቱ ደግሞ ግንቦትን ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ጓድ አስረስ የሚባል ቀጭን የመንግሥት ሠራተኛ ከደሴ መጥቶ መመሪያውን ግቢው መሐል ቆሞ አነበበልን። አስተዳዳሪ የሚሆን ሰው እዚሁ የሚኖር ይሁን አለ። ይኖራሉ። ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ያለው ይሁን አለ። አላቸው፤ እኔም አለኝ፣ በስተርጅና ነው ያገኘሁት። ደሴ ሄዶ ስምንት ቀን ሠልጥኖ ፈተና ይለፍ አለ። ከዚያም ሁለት ዋስ ይጥራ፤ ዋሶቹ በደምም በጋብቻም የማይዛመዱት፣ ለሰዉ ሳይሆን ለእውነት የሚመሰክሩ ይሁኑ አለ። በመጨረሻ አሥራ አራቱ በር በድምፅ ይምረጡት አለ።

እኚያ ደግ ሰው ጓድ አስረስ ሳይጨርስ ተነሱ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ይሄ ሥራ ዘር ይጠይቃል።» ጓድ አስረስ ወረቀቱን ገለበጠ፣ ከጀርባው አየ፣ መልሶ ከፊቱ አየ። «ዘር አይልም» አለ። «ይላል፣ በውስጠ ታዋቂ ነው» አሉት። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ፈቃዱ ብቻ ይምጣ፣ የዘጠነኛውን በር ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን እጨርሰዋለሁ» አሉ። ዘጠነኛው በር ይሄ አንቺ የተቀመጥሽበት ነው፣ ቆሎውን ብዪ።

እኔም ደሴ ሄድኩ። ምን ላድርግ? እሳቸው አውቶቡሱ ፊት ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላ ከጆንያዬ ጋር። ሥልጠናው አዳራሽ ገብቼ ስቆም አዩኝና «ሴትዮ፣ መጥረጊያው በሩ ጀርባ ነው» አሉኝ። እንዴት ያለ ትሁት! ለማላውቀው አዳራሽ መንገድ አሳዩኝ። አመስግኜ ወንበር ሳብኩ። ስምንት ቀን ስለ ፍሳሽ፣ ስለ ጣሪያ ማጋደል፣ ስለ ደረሰኝ ተማርን። እሳቸው ደብተርም አልያዙም፤ ዘር ያለው ሰው ምን ደብተር ያስፈልገዋል? በፈተናው «መጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃ ቦኖ ስንት ሜትር ይርቃል?» ተብለው «እንደ ሰዉ ክብር» ብለው ጻፉ። ማለፊያው ሃምሳ ነበር። እሳቸው ሃምሳ አንድ አመጡ። ልክን ማወቅ ማለት ይሄ ነው! ሃምሳ ለጠየቃቸው ሃምሳ አንድ፤ አንዷን ለዘካ ይሆናል ያተረፏት። የኔን አልነግርሽም፣ መኩራራት ይሆንብኛል። ሰማንያ ሰባት ነው።

አሁን ጠጋ በይ… አይ፣ አትጠጊ፣ ከዚያው ይሰማሻል።

ግንቦት ሃያ ሦስት ቀን ጓድ አስረስ ጠረጴዛ አስወጥቶ ግቢው መሐል ተቀመጠ። የሰዉን ጠባይ የሚያውቀው ቅሬ ነው ብሎ የቅሬውን ጸሐፊ ጠሃንም ከነመዝገቡ አስጠራው። ጠሃን ታውቂዋለሽ፣ መነጽሩን በክር ያሰረው። በየቀብሩ ማን እንደቆፈረ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን ሐዘንተኛ እንደሆነ ከነምክንያቱ ይጽፋል። የኔን እንስራ ሁሉ ጽፏል።

እሳቸው መጀመሪያ አምሳሉን አቀረቡ። ወፍጮ ቤት ያለው፣ የተከበረ። ጓድ አስረስ «ዝምድና አላችሁ?» አለው። «የለንም» አለ አምሳሉ። ጠሃ «ቆይ» አለ። ጣቱን በምላሱ አርሶ ገጽ ገለጠ። «የአምሳሉ እናት ቀብር፣ ጥር ሰባ አራት። እኚህ ሰው ሐዘንተኛ፣ አልቆፈሩም። ምክንያት፣ የሟች የአክስት ልጅ።»

አምሳሉ ዞሮ አያቸው። «የናቴ አክስት አልወለደችም እኮ!» አለ።

ሳቅኩ? አልሳቅኩም። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

«በሩቅ ነው» አሉ እሳቸው። ጓድ አስረስ ግን «መመሪያው ሩቅና ቅርብ አይልም። ሌላ ዋስ» አለ። ሰላሀዲንን አቀረቡ፣ ቆዳ ነጋዴውን። ጠሃ አሁንም ገለጠ። «የሰላሀዲን አጎት ቀብር። ሐዘንተኛ። ምክንያት፣ የጡት ወንድም።» ሰላሀዲን ቆጠረ፣ በጣቱ ነው የቆጠረው፣ ከዚያ «አጎቴ ሲሞቱ ሰማንያ ዓመታቸው ነበር፣ እርስዎ ሃምሳ። ማን ጡት ላይ ቆይቶ ማንን ጠበቀ?» አለ። ሰዉ ጋቢው ውስጥ ተደበቀ። ጋቢው ሁሉ ይንቀጠቀጣል! ጓድ አስረስ ራሱ ወረቀቱን ፊቱ ላይ ከልሎ ያነብ ጀመር፤ ያውም ገልብጦ።

ሦስተኛ ጠሩ፣ ሐዘንተኛ። አራተኛ ጠሩ፣ ሐዘንተኛ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ፤ አርባ አንድ ዘመድ ለአንድ ሰው ምኑ እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ስንት ሰው አንድ ዘመድ አጥቶ ያለቅሳል፤ እሳቸው አንድ ባዳ አጥተው አለቀሱ! ጓድ አስረስ በመጨረሻ ብዕሩን አስቀመጠ። «አባቴ፣ በዚህ ከተማ ውስጥ ዘመድዎ ያልሆነ አንድ ሰው አለ?» አላቸው።

ዓይናቸው ግቢውን ዞረ። ከበር በር፣ ከፊት ፊት። ሁሉን ቀብረውለታል፤ ለሁሉ አልቅሰውለታል። ዞሮ ዞሮ ዓይናቸው የት ያረፈ ይመስልሻል?

«እመት ዙሌይካ» አሉ።

እመት! በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «ሴትዮ» ያሉኝን ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ «እመት» ግን አንዴ ነው፣ ግንቦት ሃያ ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አልፎ። ሰው ሲቸግረው እንዴት ያምርበታል! «እርስዎ መቼም ምኔም አይደሉም፣ ይመስክሩልኝ» አሉኝ። ወላሂ ብዕሩን አንስቼ ነበር። ማን ይጨክናል? «ከኚህ ሰው ጋር የደምም፣ የጋብቻም፣ የለቅሶም ዝምድና የለኝም» ብሎ መፈረም ለኔ ሠርጌ ነው። ጓድ አስረስ ከለከለኝ። «እናቴ፣ ተወዳዳሪ ለተወዳዳሪ ዋስ አይሆንም» አለ። አሳዘኑኝ።

ተራዬም ደረሰ። ጓድ አስረስ «ለእመት ዙሌይካ የማይዛመድ ዋስ?» ሲል ግቢው ሁሉ እጁን አወጣ። ዘሯ የማይታወቅ የተባለች ሴት ዋስ ይቸግራታል? አገሩ ሁሉ ባዳዬ ነው! ልብስ ሰፊው ውበቱና ቅቤ ነጋዴዋ ፈዲላ ቀድመው ፈረሙ፤ ሌላው «ስለምን ቀደማችሁን?» ብሎ ተቆጣ። ለዚህ ለዚህ ያንን በር ላይ የጣሉትን ቃል እኔ አልረሳውም። ያለ እሳቸው ምስክርነት ማን ወገን የለሽ ብሎ ያምነኝ ነበር?

አሁን እሳቸውን እዪያቸው። ፈቃዱ ሊያመልጣቸው ነው፣ የግቢው ቁልፍ ሊያመልጣቸው ነው፣ ዘጠነኛው በርም። ብድግ አሉ። «ጻፍ!» አሉት ጓድ አስረስን። «ማንም ዘመዴ አይደለም! ሁሉም ባዳ ነው!» አርባ አንዱንም በአንድ ትንፋሽ። እኔ ጃንጥራሮቹን በሦስት ቀን የካዱ ጊዜ ፈጠኑ ብዬ ነበር… ለካ ያኔ ገና እየተለማመዱ ነበር።

ሰዉ ይቀየማል ብለሽ ጠብቀሻል? አምሳሉ ተነስቶ ጉንጫቸውን ሳማቸው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን በሙሉ ልቤ ዋስ እሆንዎታለሁ» አለ። ሰላሀዲንም ፈረመ። ሌላው ደግሞ ተሰለፈ፣ «እኔንም በስሜ ባዳ በሉኝ» እያለ። ስኳር በቀበሌ ሲመጣ እንደዚያ አልተሰለፍንም! ዋስ ሞላላቸው። እልልታ ሊባል ነበር፣ ጠሃ ጉሮሮውን ጠረገ እንጂ።

«እንግዲያው መዝገቡ ላይ ‹ሐዘንተኛ› ያልኩትን ልሰርዘው?» አላቸው።

«ሰርዘው!»

«ሰርዤ ምን ልጻፍ? ሐዘንተኛ ሳይሆን ያልቆፈረ ሰው በቅሬው ሕግ ‹ቀሪ› ነው።»

ጋቢያቸውን ተከናነቡ። አዋቂ ሰው አይደሉ? ጠሃ አርባ አንዱን ሰርዞ አርባ አንድ ጊዜ «ቀሪ» ብሎ ጻፈ፤ ብዕሩ ሁለት ጊዜ ቀለም ጨረሰ። የቀሪ ሕግ ደግሞ ቀላል ነው፤ በቀረበት ልክ ይቆፍራል። ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ… ሌላም የማይለቅ ነገር ይጨምሩበታል፣ እሱን ትቼዋለሁ፣ ለትልቅ ሰው አይሆንም።

ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ለየበሩ አንድ ፍሬ፤ ለሳቸው ባቄላ፣ ለኔ ሽንብራ፣ በጨርቅ በተሸፈነ ጣሳ። ተወዳዳሪዎች ጓድ አስረስ ጎን ስለሚቀመጡ በየበራቸው ሌላ የቤተሰብ ሰው ይምረጥ ተባለ። የኔ በር ሌላ ሰው ስለሌለው ብቻ ራሴ እንድመርጥ ፈቀዱልኝ። ጣሳው ሲገለበጥ አሥራ ሦስት ሽንብራ፣ አንድ ባቄላ። እሳቸው ያችን ባቄላ እንዴት ባለ ፍቅር አዩዋት! «ቢያንስ ከቤቴ…» አሉ። እኔ ዝም አልኩ። አሁንም ዝም ልበል? ባቄላዋን የጣልኩት እኔ ነኝ። ዜሮ ማየት አልወድም፣ ነጋዴ ነኝ። አሥራ አራት በር ነው፣ ኑርሀያቴ። አንዷ የኔ ናት። ቀሪውን አንቺው ቁጠሪው። የሳቸውም በር ከአሥራ አራቱ አንዱ ነው፤ ማን እንደመረጠላቸው ደግሞ ታውቂያለሽ። ከወዲያ በኩል ያ ምን ወደቀ? ክዳን ነው? ድመቷ ዛሬ ምን ሆናለች!

እንግዲህ ፈቃዱ ያ ነው፣ በምስማር የተሰቀለው፣ «ዙሌይካ» ብሎ ይጀምራል። የአባት ስም ላይ «አይታወቅም» ብለው ሊጽፉ ነበር፤ እኔ አብደላን አስጻፍኩ። ግንቦት ሃያ ስምንት ገንዘቡን አወጣሁ፣ ሰኔ አሥራ ሁለት ቆርቆሮው አለቀ። ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ አናጢ፣ የመኪና ጭነት፣ ሁሉም ተደምሮ ሁለት ሺህ ዘጠና ሁለት ብር ከስልሳ። ደረሰኙ አለ። የተረፈችውን ሰባት ብር ከአርባ ምን እናድርጋት ብለን ተሰበሰብንና ለቅሬው ዶማ ገዛንባት። እጀታውን ራሴ በብርጭቆ ስባሪ ፋቅሁት፤ ለስላሳ ሆነ። አዲስ እጅ ይላጣል ብዬ ነው፣ አሳስቦኝ።

ዘጠነኛው በር? ምን ይሆናል፣ በስሜ ዞረ። ልጅ የለኝም፣ እውነት ነው። ኑዛዜዬን ግን አምሳሉ ጋ አስቀምጫለሁ፤ ማንን እንደምወርስበት… ማንን እንደማወርስ ማለቴ ነው… እሱን ሰው ሲሞት ይሰማል። አሁን አልቸኩልም።

እሳቸውም ከሰኔ ወዲህ ሦስት ቆፍረዋል። ሦስት! ማሻአላህ፣ እንዴት ያምርባቸዋል። ወገባቸውም ዳነ፤ ስንት ሐኪም ያቃተውን ጠሃ በብዕር አዳነው። እኔ ውሃ ይዤ ስመጣ ቀና ይላሉ፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ አንድ ኩባያ እሰጣቸዋለሁ። «እመት ዙሌይካ፣ አላህ ይስጥዎ» ይሉኛል። ሁለተኛው «እመት» ነው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው… አሁንማ መቁጠር ትቻለሁ። ውሸት፣ ስድስት ነው።

በይ እዚህ ጋ ፈርሚ። ስድስተኛ በር፣ ኑርሀያት። «በግቢው ዘመድ አለሽ?» የሚለው ላይ «የለኝም» በይ፣ አትፈሪ፣ አያስቀርሽም። ዝናቡም ቀለል አለ። ከመሄድሽ በፊት ግን እጅሽን ዘርጊ፤ ሰው እንዲህ አመስግነን ሳንመርቅ ብንለያይ ነውር ነው።

አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝምላቸው። አርባ አንድ ነበረባቸው፣ ሦስት ከፈሉ፣ ሠላሳ ስምንት ቀራቸው፤ በዓመት አራት ሰው ቢሞትብን ዘጠኝ ዓመት ተኩል ነው። አንድ ቀን እንኳ አያጉድልባቸው። ክንዳቸውን ያጽናላቸው፣ ወገባቸውን አያሳማቸው። የማይቀረው ቀን የደረሰ ዕለትም፣ ያ ረቢ፣ ቆፋሪ አያሳጣቸው፤ እንደሌላው ሰው ግማሹ ሕዝብ ሐዘንተኛ ነኝ ብሎ ተቀምጦ አያስቸግራቸው። ፊት ለፊት የሚቀመጥ አንድ እንኳ አይኖርም፣ ሁላችንም ቆመን እንሠራላቸዋለን። አርባ አንድ ዘመድ ከሰሩ፤ አርባ አንድ ቆፋሪ አተረፉ።

አሚን በይ።